ቪዛው ላይ ያለውን ፊደል አንብቡ፦ ስለ ኮሪያ ለጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ኮሪያ ናቸው። አይገርመኝም። ድራማው በየቤቱ ገብቷል፣ ሙዚቃው በየስልኩ አለ፣ ስለ ደመወዙ የሚወራው ደግሞ ቲክቶክን ሞልቶታል። እኔ ወደ ኮሪያ የመጣሁት በኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። ቋንቋ ተምሬ፣ ማስተርሴን ቹንቾን ከተማ ጨርሼ፣ አሁን ሱዎን ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የምመልስላችሁ ከኖርኩት፣ እሁድ እሁድ ከማገኛቸው ያገሬ ልጆች ከሰማሁትና ከሕጉ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም አልጠቀስኩም።

«ሰላም እህቴ። 24 ዓመቴ ነው፣ አዳማ ነው የምኖረው። በአውቶሞቲቭ ሌቭል 4 አለኝ። አንድ ሰውዬ ኮሪያ ውስጥ በወር ከ2 ሚሊዮን ዎን በላይ የሚከፈልበት የፋብሪካ ሥራ አለ፣ ቪዛውን እኔ አስወጣልሃለሁ ይለኛል። የሚጠይቀው 650 ሺህ ብር ነው። ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ቪዛው ሲመታ። አባቴ መሬት ሸጦ ሊሰጠኝ ተስማምቷል። ሰውዬው የላካቸውን ልጆች ፎቶም አሳይቶኛል። ምን ትይኛለሽ?»

ወንድሜ፣ አባትህ መሬቱን እንዳይሸጥ። ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ደውልለት።

ሰውዬው ሙሉ በሙሉ አልዋሸህም፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ደመወዙ እውነት ነው። ኮሪያ ውስጥ በ2026 እ.ኤ.አ. ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 10,320 ዎን ነው። ሙሉ ጊዜ ለሚሠራ ሰው በወር 2,156,880 ዎን ይመጣል። ፋብሪካውም አለ፣ የሰው እጥረቱም አለ። የሌለው አንተን ከአዳማ ተነስተህ እዚያ ፋብሪካ የሚያስገባህ በር ነው።

የፋብሪካ ሠራተኞች የሚገቡበት ቪዛ ኢ-9 ይባላል። ሥርዓቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራ ነው። የኮሪያ መንግሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ይፈራረማል፤ ሠራተኛው የኮሪያ ቋንቋ ፈተና ወስዶ፣ ስሙ ተመዝግቦ፣ አሠሪ መርጦት ይመጣል። መንግሥት ከመንግሥት ጋር የሚያደርገው ስለሆነ የግል ደላላ ቦታ የለውም። የተፈራረሙት አገሮች ኔፓል፣ ፊሊፒንስ፣ ቬትናም፣ ኢንዶኔዥያ፣ ኡዝቤኪስታንና የመሳሰሉት 17 የእስያ አገሮች ናቸው። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ኢትዮጵያ የለችበትም፤ ከአፍሪካ አንድም አገር የለም።

«ወቅታዊ የእርሻ ሥራ ነው» ካለህ ደግሞ ያ ኢ-8 ነው። እሱም የኮሪያ የአካባቢ አስተዳደሮች ከውጭ አገር አስተዳደሮች ጋር በሚያደርጉት ስምምነት እንጂ ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ብር በሚቀበል ሰው አይሰጥም። «እንግሊዝኛ ታስተምራለህ» ካለህ፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቪዛ የሚሰጠው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ጥቂት አገሮች ዜጎች ነው፤ ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ብቻ አለች። እየሠሩ የሚዘዋወሩበት የወጣቶች ቪዛም አለ፣ ኤች-1 ይሉታል፤ የአውሮፓና የአውስትራሊያ ልጆች የሚመጡበት ነው። ከእኛ ጋር ስምምነቱ የለም።

ስለዚህ ሰውዬውን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ ቪዛው ላይ የሚጻፈው ፊደልና ቁጥር ምንድን ነው? ካንገራገረ መልስህን አገኘህ። «ሲ-3» ካለህም መልስህን አገኘህ። ሲ-3 የአጭር ጊዜ ጉብኝት ቪዛ ነው። ቢበዛ 90 ቀን ነው፤ ሥራ በጭራሽ አይፈቅድም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚያስወጡት እሱን ነው፤ ለስብሰባ፣ ለኤግዚቢሽን ወይም ለጉብኝት በሚል የተሠራ ወረቀት አያይዘው።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አይቼዋለሁ። ኢንቾን ኤርፖርት ስትደርስ መርማሪው የት እንደምታርፍ፣ ስንት ገንዘብ እንደያዝክ፣ መቼ እንደምትመለስ ይጠይቅሃል። ካላመነህ በሚቀጥለው አውሮፕላን ትመለሳለህ። ሰውዬው «ቪዛው መትቷል፣ የእኔ ሥራ አልቋል» ይልሃል። ካለፍክ ደግሞ 90 ቀን ቶሎ ያልቃል። እሁድ እሁድ ከማገኛቸው ልጆች አንዱ በዚህ መንገድ የመጣ ነው። ጎበዝ ብየዳ ሠራተኛ ነው። በስሙ የባንክ ደብተር የለውም፤ ደመወዙን በጥሬ ገንዘብ ይቀበላል፤ ለእናቱ የሚልከው በሰው ስም ነው። ጥርሱን ሲያመው ሳምንት ሙሉ በማስታገሻ ኪኒን ይታገሳል፣ ኢንሹራንስ ስለሌለው። የኢሚግሬሽን አሰሳ አለ ከተባለ ከማደሪያው አይወጣም። ከተያዘ ቅጣት አለ፣ መባረር አለ፣ ለዓመታት ዳግም እንዳይገባ መከልከል አለ። አባቱ ሲያርፉ መሄድ አልቻለም። ከሄደ አይመለስማ።

ፎቶውን ተወው። ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ቆሞ ፎቶ መነሳት የሥራ ፈቃድ ማስረጃ አይደለም። ጥርጣሬ ካለህ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደህ ስለ ሰውዬው ፈቃድ ጠይቅ። አዲስ አበባ ያለው የኮሪያ ኤምባሲም የትኛው ቪዛ ለማን እንደሚሰጥ ይነግርሃል። ለመጠየቅ አይከፈልም።

አሁን ወደ ተከፈቱት በሮች። አንደኛው የኮሪያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው፣ ጂኬኤስ ይባላል። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ25 በታች መሆን አለበት። አንተ 24 ነህ! ማስታወቂያው ብዙውን ጊዜ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር በሚሉት ወር፣ ከእንቁጣጣሽ ወዲህ ይወጣል። የሁለተኛ ደረጃ ውጤትህ ከመቶ 80 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አታመንታ። የአውሮፕላን ትኬት፣ የትምህርት ክፍያ፣ የወር አበልና የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይሸፍናል። ውድድሩ ብርቱ ነው፤ ማመልከቻው ግን በነፃ ነው። ወረቀቶችህን ከአሁኑ አዘጋጅ። የትምህርት ማስረጃ ማስተርጎም፣ ማረጋገጥ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማስመታት፣ ከዚያ በኤምባሲው ማሳየት ከምትገምተው በላይ ጊዜ ይወስዳል። «ሞልቼልህ ላስገባ» የሚል ሰው ከመጣ አትክፈለው፤ ቅጹን ራስህ ሙላው።

ሁለተኛው በራስ ወጪ መማር ነው፦ ለቋንቋ ዲ-4፣ ለኮሌጅና ለዩኒቨርሲቲ ዲ-2። ኮሪያ ውስጥ መካኒክና ብየዳ የሚያስተምሩ የሁለት ዓመት ኮሌጆች አሉ፣ ሌቭል 4ህ እዚያ አይባክንም። ግን በሚሊዮኖች ዎን የሚቆጠር የባንክ ማስረጃ ይጠየቃል። ሦስተኛው ኢ-7 ነው፤ ዲግሪና ልምድ ላለው፣ የኮሪያ ድርጅት ራሱ ለሚጠራው ባለሙያ። ለአንተ እሱ ገና ነው። ወደዚያ የሚደርሱት አብዛኞቹ እንደ እኔ በትምህርት ገብተው ነው።

«እህታችን፣ ዴጉ ከተማ አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለአንድ ዓመት ኮሪያኛ ልማር ተቀብለውኛል። ቪዛዬ ዲ-4 ነው። ቤተሰቦቼ የመጀመሪያውን ስድስት ወር ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ፓርት ታይም እየሠራሁ ራሴን እችላለሁ ብዬ ነው። ያስኬዳል? ቤትስ እንዴት ላግኝ?»

እንኳን ደስ ያለሽ። ቪዛሽ ትክክለኛ ነው፣ ዴጉም ከሴኡል ረከስ ትላለች። የሚያስፈራኝ ሒሳብሽ ነው። እስቲ አብረን እንሥራው።

በዲ-4 የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት መሥራት አይቻልም። ከዚያ በኋላም ዝም ብሎ አይገባም። የትምህርት ቤትሽ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ይፈርማል፣ አሠሪሽ ይፈርማል፣ ኢሚግሬሽን ይፈቅዳል። የሰዓቱ ጣሪያ በቋንቋ ደረጃሽና በመገኘትሽ ይወሰናል፣ መገኘት ማለት ክፍል አለመቅረት ነው። በሳምንት 20 ሰዓት ተፈቅዶልሽ ሠራሽ እንበል። በ10,320 ዎን ሲሰላ በአራት ሳምንት 825,600 ዎን ነው። ቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ስልክ፣ ትራንስፖርትና ኢንሹራንስ ይሸፍንልሻል፤ እሱም ቆጥበሽ ከያዝሽው። የቋንቋ ትምህርት ክፍያ ደግሞ በየአሥር ሳምንቱ ከአንድ ሚሊዮን ዎን በላይ ነው። እሱ ከየት ይመጣል? ቤተሰቦችሽ የዓመቱን የትምህርት ክፍያ መቻል አለባቸው፤ አንቺ ኑሮሽን ትችያለሽ። እንዲህ ከተከፋፈላችሁት ያስኬዳል። አለበለዚያ ሰባተኛው ወር ላይ ክፍያ ሊያልፍብሽ ነው፤ ያኔ ከክፍል ቀርተሽ ሙሉ ጊዜ መሥራት ያምርሻል፤ ከዚያ መገኘትሽ ይወርዳል፣ ቪዛሽ አይታደስም። ብዙ ልጆች ከሕጋዊው መንገድ የወጡት በዚህ በኩል ነው። ማንም ሊያታልላቸው ሳይመጣ።

ሥራ ስታገኚ የጽሑፍ ውል ጠይቂ፤ አሠሪው አንድ ቅጂ የመስጠት ግዴታ አለበት። በሳምንት 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሠራሽ የሳምንት ዕረፍት ክፍያ የሚባል አለ፣ ያልሠራሽበት ቀን ይከፈልሻል። ብዙ አሠሪዎች ለውጭ አገር ተማሪ አይነግሩም፤ አንቺ አንሺው። ግንባታና በሞተር ዕቃ ማድረስ ለተማሪ ክልክል ነው፣ ገንዘቡ ጥሩ ነው ቢሉሽም። ጓደኞቼ የሠሩት ሬስቶራንት ሰሃን በማጠብና በማስተናገድ፣ ሱቅ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ፣ ካፌ ውስጥ ነው። ካፌው የሚቀጥረው ኮሪያኛሽ ሲሻሻል ነው።

ቤት። መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲውን ዶርም ያዢ፣ ቢጠብም። ዶርም ካለቀ ጎሺዎን የሚባል አለ። አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንዳንዴ ከአልጋው እግር ሥር የተሰነቀረ ሻወር፤ እጅሽን ግራና ቀኝ ብትዘረጊ ግድግዳውን ትነኪያለሽ። ግን ትልቅ መያዣ አይጠየቅም፣ ውሃና መብራት በኪራዩ ውስጥ ነው፣ የጋራ ማዕድ ቤቱ ውስጥ ሩዝና ኪምቺ በነፃ የሚያቀርቡም አሉ። መስኮት ያለውንና የሌለውን ጠይቂ። መስኮት ላለው የሚጨመረውን ገንዘብ ክፈይ፤ ክረምቱን በደንብ የምታልፊው በእሱ ነው። ለብቻው የሆነ አንድ ክፍል ቤት ካማረሽ ደግሞ መያዣው በሚሊዮኖች ነው። ስትወጪ የሚመለስ ነው፣ ግን መጀመሪያ መኖር አለበት።

ሌላው ነገር ካርድ ነው። ከገባሽበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ በኢሚግሬሽን መመዝገብና የነዋሪነት ካርድ ማውጣት አለብሽ። ቀጠሮው ስለሚሞላ በደረስሽበት ሳምንት ያዢ። ያለ ካርዱ መደበኛ የስልክ መስመር አስቸጋሪ ነው፣ ያለ ስልክ መስመር የባንኩ አፕ አይሠራም፣ ያለሱ ኦንላይን ዕቃ እንኳን አትገዢም። ኮሪያ ውስጥ ማንነትሽ የሚረጋገጠው በስልክ ቁጥርሽ ነው። ስምሽን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ በዚያው ቅደም ተከተል በሁሉም ቦታ አስመዝግቢ። የአባትና የአያት ስማችን እዚህ ያምታታል፤ ባንኩ ላይ አንድ ዓይነት ስልኩ ላይ ሌላ ዓይነት ከሆነ ሲስተሙ አያውቅሽም።

ከመምጣትሽ በፊት ደግሞ ሃንጉል አንብቢ። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጁት ፊደል ነው፣ መሠረታዊዎቹ 24 ናቸው። የፊደል ገበታ ቆጥረሽ ላደግሽ ልጅ በሳምንት ሁለት ሳምንት ያልቃል። ምን እንደሚል ባይገባሽ እንኳን የአውቶቡስ ማቆሚያውን ስም ማንበብ መቻል የመጀመሪያውን ወር ያቀልልሻል።

«ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የምጽፍልሽ ከደሴ ነው። ሴት ልጄ በየካቲት ማብቂያ ሴኡል ለትምህርት ትሄዳለች። ጾም አታፈርስም። እዚያ ምን ትበላለች? ብርዱስ እንዴት ነው? ምን ልቋጥርላት?»

እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኮሪያ የትምህርት ዘመን የሚጀምረው በፈረንጆቹ ማርች ነው፤ ከሁዳዴ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ጥያቄዎ በጊዜው ነው የመጣው።

የጾም ምግብ አለ። ኮሪያውያን ቶፉ፣ የባቄላ ቡቃያ፣ ስኳር ድንች፣ እንጉዳይ፣ ልዩ ልዩ ቅጠላ ቅጠል፣ የባሕር አረም በየቀኑ ይበላሉ። ቢቢምባፕ የሚባል አለ፤ ሩዝ ላይ አትክልት ደርድረው ቀይ የበርበሬ ድልህ ይጨምሩበታል፣ ለእኛ አፍ ይስማማል። ሥጋና እንቁላል ግን አብሮ ይመጣል። ልጅዎ «ጎጊ፣ ጌራን ፔ ጁሴዮ» ማለት ትልመድ፤ ሥጋና እንቁላሉን አውጡልኝ ማለቷ ነው። አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ። ኪምቺ ጎመን ብቻ ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ብዙውን ጊዜ ጨው የገባ ትንንሽ ሽሪምፕ ወይም የዓሣ ውሃ ይጨመርበታል። ሾርባውም በደረቅ ዓሣ የተቀቀለ ነው። በጾም ዓሣ የማትነካ ከሆነ ይህን አውቃ ትምጣ። የቡድሃ መነኮሳት ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፣ እዚያ ሥጋም ዓሣም የለም፤ ዋጋው ግን ለተማሪ ይከብዳል። አብዛኛውን ቀን ራሷ ብታበስል ይሻላል።

ለመቋጠር፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ኮረሪማ፣ በሶ፣ የጤፍ ዱቄት፣ የተቆላና የተፈጨ ቡና። ሁሉም የተፈጨ፣ በደንብ የታሸገ ይሁን። ጥሬ እህልና ዘር የእፅዋት ኳራንቲን ስላለ ባይላክ ይሻላል። ቋንጣ እባክዎ እንዳይቋጥሩ፤ የሥጋ ውጤት ያለ ማረጋገጫ ወደ ኮሪያ አይገባም፣ ሳያስታውቁ መያዝ ከባድ ቅጣት አለው። ሌላም አደራ አለኝ። ጎረቤት «ይህን ለዘመዴ አድርሽልኝ» ብሎ የታሸገ ነገር ቢሰጣት አትቀበል። ጫት ኮሪያ ውስጥ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚቆጠረው፣ ደርቆ «ሻይ» ተብሎም ይላካል። በልጅዎ ሻንጣ ውስጥ ከተገኘ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

እንጀራን በተመለከተ እኛ የምናደርገውን ልንገርዎ። የጤፉን ዱቄት ከገብስ ወይም ከሩዝ ዱቄት ጋር እንቀላቅለዋለን፣ እንዲበረክት። የኮሪያ ቤት የሚሞቀው ከወለሉ ሥር ነው። ሊጡን በክዳን ባልዲ አድርገን፣ በፎጣ ጠቅልለን፣ ወለሉ በጣም በሚሞቅበት ማዕዘን እናስቀምጠዋለን። ውጭ በረዶ እየጣለ ማግስቱን አረፋ አውጥቶ ያድራል፤ እንዳይኮመጥጥ ጠዋት ከወለሉ ማንሳት ነው። የምንጋግረው ክዳን ባለው የማይዝ መጥበሻ ነው። ዓይኑ እንደ ቤቱ አይሆንም፣ ግን ይበላል። ዶርም ውስጥ ሊጥ ማቡካት ካልተፈቀደ የኢትዮጵያ ምግብ የሚሸጥበት ሬስቶራንት ሴኡል ውስጥ አለ።

ብርዱ እውነተኛ ነው። ጥር ላይ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ እሷ ስትደርስ ትንሽ ለዘብ ይላል። ከባድ ካፖርት ከደሴ አይግዙላት፣ እዚህ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወፍራም ጃኬት የክረምቱ ማብቂያ ላይ በቅናሽ ይሸጣል። ጋቢ ግን ይስጧት። ሴኡል አካባቢ ተሰብስበው የሚያስቀድሱ ምእመናን አሉ፤ የመጀመሪያው እሁድ ላይ ከሄደች ከዚያ በኋላ ብቻዋን አትሆንም። ስልክ ሲደውሉላት ኮሪያ በስድስት ሰዓት እንደምትቀድም ያስታውሱ፤ ደሴ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እሷ ጋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው።

«እኔ ኮሪያ ነው ያለሁት። የሥራ ፈቃድ አለኝ። የቤት ዕቃ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ነበርኩ፣ አሠሪዬ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፍለኝ ዛሬ ነገ እያለ ነው። ሥራውን ለቅቄያለሁ። ቋንቋ አልችልም። መጮህ ፈራሁ።»

ወንድሜ፣ ገንዘቡ የላብህ ነው፣ ሕጉም ከአንተ ጋር ነው። ሥራ የለቀቀ ሰው ሒሳቡ በ14 ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ያልተከፈለ ደመወዝ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ መጠየቅ ይቻላል፤ ዛሬ ነገ እያለ ጊዜውን እንዲያሳልፍብህ አትፍቀድለት።

ዛሬ ማታ የምትሠራው ይህ ነው። ውልህን፣ የባንክ ደብተርህን፣ የመግቢያ መውጫ ሰዓት የተመዘገበበትን፣ ከአሠሪው ጋር በካካኦቶክ የተጻጻፋችሁትን ሁሉ ፎቶ አንስተህ ለራስህ ኢሜይል ላክ። ስልክህ ቢጠፋም እንዲቀር። ሰዓት የሚመዘገብበት ካልነበረ በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት እንደሠራህ የምታስታውሰውን በወረቀት ጻፍ፤ አብረውህ የሠሩትን ሰዎች ስም ያዝ። ከዚያ ወደ 1350 ደውል፣ የሥራ ሚኒስቴሩ መስመር ነው። ፋብሪካው ባለበት አካባቢ ያለው የሥራ ጽሕፈት ቤት አቤቱታህን ተቀብሎ መርማሪ ይመድባል፣ አሠሪውም ይጠራል። የቪዛ ጥያቄ ካለህ 1345 ነው፤ በእንግሊዝኛም በአረብኛም ያናግሩሃል። ነፃ የሕግ እርዳታ 132 ነው። አሠሪው ገንዘብ የለኝም ካለ መንግሥት በተወሰነ መጠን በምትኩ ከፍሎ ከእሱ የሚያስመልስበት ሥርዓት አለ፤ መርማሪውን ስለ እሱ ጠይቅ። እዚያው ቤት ዓመት ሞልቶህ ከሆነ የስንብት ክፍያም አለህ፤ ደመወዙን ብቻ ተቀብለህ «ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርም።

ብቻህን አትሂድ። ኮሪያኛ የሚችል ሰው ይዘህ ሂድ። ካጣህ በአዘጋጁ በኩል ጻፍልኝ፣ ከልጆቹ አንዱን እናገኝልሃለን።

«አያቴ በኮሪያ ጦርነት የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነበሩ። ኮሪያውያን ኢትዮጵያውያንን በጣም ይወዳሉ ይባላል። ለእኛ ለዘማች ልጆች የተለየ ቪዛ አለ?»

የዘማች ልጅ በመሆን ብቻ የሚሰጥ የተለየ ቪዛ እኔ አላውቅም። ይህን ተስፋ ይዘህ እንዳትመጣ፤ ኤርፖርት ላይ የሚታየው እንደ ሌላው ሰው ቪዛህ ነው። ወጣቱ ኮሪያዊም አብዛኛው ታሪኩን አያውቅም። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ቆመው የሄዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያማል።

ያው አውቶቡስ ላይ ግን ከኢትዮጵያ ነኝ ስል እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ያልለቀቁኝ ሽማግሌም አሉ። እሳቸው ያስታውሳሉ። የቃኘው ልጆች ቡሳን ወደብ የደረሱት በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። ከ250 በላይ ውጊያ ላይ ተሰልፈው ከ120 በላይ ሞተዋል፤ አንድም ሰው አልተማረከባቸውም። ዶንግዱቾን ውስጥ ወላጅ ላጡ የኮሪያ ሕፃናት ማሳደጊያ ያቋቋሙትም እነሱ ናቸው።

ቹንቾን ስማር ማደሪያዬ ከመታሰቢያቸው በእግር የሚደረስ ነበር። ጎንግጂቾን ወንዝ ዳር ላይ ሐውልቱ አለ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1968 እ.ኤ.አ. መጥተው የተመረቀ ነው። ፊት ለፊቱ በዚያው ዓመት የተከፈተ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት እስካሁን ይሠራል። ከአጠገቡ የዘማቾቹ መታሰቢያ አዳራሽ አለ፣ ጣሪያው የጎጆ ቤት ቅርፅ ነው። እሁድ ከሰዓት የኮሪያ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ከሴኡል በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ መንገድ ነው፤ በተራው የምድር ባቡር ካርድህም ትደርሳለህ።

ለአንተ ያለው ዕድል ስኮላርሺፕ ነው። ለዘማቾች ልጆችና የልጅ ልጆች ትምህርት የሚከፍሉ የኮሪያ ተቋማት አሉ፣ ቹንቾን ውስጥም የተማሩ አውቃለሁ። ሁሉም የሚጠይቁት ግን አያትህ መዝመታቸው በማኅበሩ መዝገብ ላይ መኖሩንና አንተ የእሳቸው የልጅ ልጅ መሆንህን የሚያሳይ ሰነድ ነው። አዲስ አበባ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄደህ ስለ ማኅበሩ ጠይቅ። የአያትህን ሙሉ ስም፣ ማዕረግና የዘመቱበትን ሻለቃ፣ የመጀመሪያው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ይሁን፣ ከቤት አጣርተህ ሂድ። የልደት ካርድህንና የአባትህን ወይም የእናትህን ሰነድ ጨምር፤ የስሙ አጻጻፍ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ካልሆነ መጀመሪያ እሱን አስተካክል።